ገመድ የያዘ ሰው ሰላምታ የለውም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤታችን ፍኖተ ሰላም ላይ ግብዣ አደረገልኝ። በግ ታርዷል፣ ጠላውም ደኅና ነበር። አዲሱ ኃላፊያችን ተነሥቶ ሲናገር፣ "አቶ ታደገ ምንም እንኳ ከታወቀ ተቋም የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫ ባይኖራቸውም፣ በልምድ ብቻ ረጅም ዘመን አገልግለዋል" አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያመሰገነኝ መስሎታል። ግን "በልምድ ብቻ" ያላት ነገር እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ናት። ይህን የምጽፈው ለእሷ መልስ እንዲሆን ነው። መልሱ ረዘም ስለሚል የቸኮለ ሰው ካለ ይሂድ፣ አልቀየመውም።

ጠላቂ ነኝ። ሥራዬ ወንዝ ውስጥ ገብቶ የድልድይ እግር መመርመር፣ የመስኖ ፓምፕ አፍ ሲደፈን መክፈት፣ ክረምት የወሰደውን ሰው አስከሬን ፈልጎ ለቤተሰቡ ማውጣት ነበር። ብርን፣ ፈጣምን፣ ላህን፣ ከቡሬ ወደ ወለጋ ሲወረድ ያለውን ዓባይን ከሥራቸው አውቃቸዋለሁ፤ ሌላው ሰው ከላይ ነው የሚያውቃቸው። ቡሬ ገበያ ላይ ሥራዬን የጠየቀኝ ሁሉ "ባሕር በሌለበት አገር ጠላቂ?" እያለ ይስቅ ነበር። ስቆ ሲያበቃ ግን እኔ በመረመርሁት ድልድይ ተሻግሮ ቤቱ ይገባል።

ሙያውን የተማርሁት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ሳለሁ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነና አንዲት ሻንጣ አንጠልጥዬ ወደ ተወለድሁበት ቡሬ ገባሁ። ሻንጣው ውስጥ መልሕቅ የታተመበት የምስክር ወረቀት ነበረኝ። ሥራ ልቀጠር ሳሳይ ጸሐፊዋ አገላብጣ አየችውና "ይኼ መሥሪያ ቤት አሁን አለ?" አለችኝ። የለም አልኋት። "ታዲያ ማን ይመስክርልህ?" አለች። ወረቀቴ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። በቀን ሠራተኛነት ቀጠሩኝ፤ ደመወዙም እንደ ስሙ ነበር።

ሰው ያደረገኝ ባሻ ይርዳው ነው። እሱም የባሕር ኃይል ጠላቂ የነበረ፣ ከእኔ ቀድሞ ተሰናብቶ ቡሬ ሚስት አግብቶ የተቀመጠ የወሎ ሰው ነው። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ኖሮትም ከሆነ ለማንም አላሳየም። የእኛ ወንዞች እንደ ቀይ ባሕር አይደሉም። ውኃው ጭቃ ነው፤ ከገባህ የገዛ እጅህን አታይም። ባሻ በእጅ ማየትን አስተማረኝ። የድልድይ እግር ስትዳስስ በመዳፍ ሳይሆን በእጅህ ጀርባ ሂድ፤ ሲሚንቶው ተበልቶ ፌሮ ወጥቶ እንደሆነ መዳፍህ ከተቆረጠ ሥራ ፈታህ፣ ጀርባው ቢቆረጥ ግን ትሠራለህ ይል ነበር። ውኃው ከመሠረቱ ሥር አፈሩን በልቶት እንደሆነ መጀመሪያ የምታውቀው በቁርጭምጭሚትህ ነው፤ ሌላው አካልህ ሳይሰማው እሱ ብርድ ይሰማዋል። ጀርባችን ላይ የምንሸከመውን ሲሊንደር ሰው ሁሉ "ኦክስጅን" ይለዋል። በኮምፕሬሰር የተሞላ ተራ አየር ነው፤ ባሻም ይህን ለሰው ማስረዳት ሰልችቶት ትቶት ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ግን ስለ ገመዱ ነው። ጠላቂው ወገቡ ላይ ይታሰራል፣ ዳር ላይ አንድ ሰው ጫፉን ይይዛል። አንዴ ከተሳበ ደኅና ነኝ ነው፣ ሁለቴ ገመድ ጨምር፣ ሦስቴ አውጣኝ። በጭቃ ውኃ ውስጥ ሌላ ቋንቋ የለም። ስለዚህ ባሻ ጠላቂውን ሳይሆን ገመድ ያዡን ነበር የሚንከባከበው። መጀመሪያ የሚበላ እሱ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም የሚይዝ ሰው ከሆነ፣ ጾሙን ፈትቶ እህል እስኪቀምስ ድረስ ማናችንም ውኃ አንገባም። "የራበው ሰው ዐይኑ ወደ ስልቻው ይሄድበታል" ይል ነበር።

ሌላው ሕጉ አገሩን ሁሉ አስቀየመ። ገመድ የያዘ ሰው ሰላምታ የለውም አለ። ጎጃም ገጠር ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌ ሲያልፍ ያልተነሣ፣ "እንደምን ዋላችሁ" ሲባል ዝም ያለ ሰው፣ ወይ ታሟል ወይ ደም ተቃብቷል። ባሻም ይህን ስለሚያውቅ መላ አበጀ። ከመንገዱ አፍ ላይ አንድ ሰው ያቆማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሾፌራችንን። ሥራው የመጣውን ሁሉ ስለ እኛ ተቀብሎ እጅ መንሣት፣ ስለ ቤተሰብ ስለ ከብቱ መጠየቅ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ሳያስጠጋ መሸኘት ነው። "ሰላምታ ተቀባይ" እንለው ነበር። መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ የሥራ መደብ አያውቅም።

በኋላ ሁለት ሰዎች ተጨመሩልን። አስቻለው የቡሬ ልጅ ነው። ድልድይ ሊሠሩ ከመጡ የውጭ አገር ጠላቂዎች ሥር ሠርቶ፣ ሲሄዱ ፎቶው ያለበት የፕላስቲክ ካርድ ሰጥተውታል። ጌትነት ከፈረስ ቤት ወዲያ የደጋ ዳሞት ሰው ነው፣ በልጅነቱ ዲቁና የተቀበለ። እሱ ደግሞ ባሕር ዳር ተመዝኖ ሲኦሲ የሚሉትን የመንግሥት የብቃት ፈተና አልፏል። ኮምፕሬሰሩ ሲሊንደሩን እስኪሞላ ዳር ላይ ተቀምጠን የምንጨዋወተው ወይ ስለ ማረጋገጫ ነው ወይ ስለ ኮከብ።

"ይቺ ካርድ በዓለም ያለ ባሕር ሁሉ ታስገባለች" ይላል አስቻለው፣ ከደረት ኪሱ እያወጣ።

"እስኪ ዓባይ ላይ አሳያት፤ አዞው ያነባት እንደሁ" ይላል ጌትነት። "የእኔ የመንግሥት ነው። ማኅተም አለው።"

"ማኅተሙ ውኃ ሲነካው ይለቃላ።" ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። "ጋሽ ታደገ፣ የእርስዎን ወረቀት የሰጠው ባሕር ኃይል የት ገባ?"

"መጀመሪያ ባሕሩ የት እንደገባ ንገረኝ" እለዋለሁ።

ኮከቡ የመጣው ከቡሬ ገበያ ነው። እዚያ አንድ ደብተራ ነበር፤ ስምህንና የእናትህን ስም ትነግረዋለህ፣ ፊደሉን ቆጥሮ ኮከብህን ያወጣል። አስቻለው አሰድ ወጣ፣ ባሕርዩ እሳት። ጌትነት ጀዲ፣ መሬት። እኔ ሑት ሆንሁ፣ ውኃ።

"እሳትና ውኃ አይገጥምም" አለ ጌትነት። "ለጋብቻ ቢሆን እኮ ደብተራው ይከለክላችኋል።"

"ጋሽ ታደገን ላገባ አላሰብሁም" አለ አስቻለው። "አንተ ግን መሬት ከሆንህ ዳር ቁም። ገመዱን ያዝልን።"

ቀልድ ነበር፤ ግን ጌትነት በእውነትም ጥሩ እጅ ስለነበረው ገመዱ የእሱ ሆኖ ቀረ። ባሻን የእናቱን ስም ብንለምነው፣ ብንለምነው እንቢ አለ።

"ምነው ባሻ፣ ምን ክፉ አለው?" አለው አስቻለው።

"የእናቴ ስም እናቴን መጥሪያ ነው። የቀረውን በገመዴ ጠይቁኝ" አለ። ከዚያ ወረቀታችንንም ኮከባችንንም በአንድ ላይ አጣጣለው። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ለገመዴ ሞኝ ነው የምፈልግ።"

ባሻ ጉልበቱ እንቢ ሲለው ቡሬ ቤቱ ገባ። ነገሩ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ብር ወንዝ ላይ ያለ አንድ ድልድይ እግሩ ላይ ትልቅ ግንድ ተጋድሞበት፣ እሱን ልናወጣ ሄድን። ጠዋት ከፍኖተ ሰላም መኪናውና ሾፌሩ ለስብሰባ ይፈለጋሉ ተባለ። ሥራው እንዲቆይ አመለከትሁ፤ ድልድዩ ዛሬ መከፈት አለበት አሉ። እኛም የገበያ ቀን ስላልሆነ ሰው አይመጣም ብለን ሥራውን ጀመርን። አስቻለው ገባ፣ ጌትነት ገመዱን ያዘ፣ እኔ ግንዱ የሚጎተትበትን ሽቦ ዛፍ ላይ ላስር ወዲያ ማዶ ተሻገርሁ።

የአጥቢያው ቄስ መምሬ ዘለቀ ይባላሉ፤ ሠራተኞች ወንዝ ገቡ ሲባሉ ሊባርኩን መጡ። የተቀበላቸው ሰው አልነበረም። ከማዶ ሆኜ አየሁ። መስቀላቸውን አውጥተው ጌትነት ዘንድ ደረሱ። ጌትነት ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ ግንባሩን አስነካ፣ ከንፈሩን አስነካ። ገመዱ በግራ እጁ ላይ ላላ ብሎ ነበር፤ የላላ ገመድ ደግሞ ለያዡ ምንም አይነግረውም። ውኃው ላይ ያለው ገመድ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ቆም ብሎ ደገመ። ሠለሰ። ጮህሁ፤ ወንዙ ከእኔ ይበልጥ ይጮህ ነበር። ዘልዬ ገባሁ።

ግንዱ ሲንቀሳቀስ አስቻለው ተሰምቶታል፤ አውጡኝ ያለው ለዚህ ነው። ያኔ ቢጎተት ይወጣ ነበር። እኔ ስደርስ ግንዱ ዞሮ ከድልድዩ እግር ጋር አጣብቆታል፣ የሚተነፍስበትም ከአፉ ወጥቷል። ጎትቼ አወጣሁት። ጌትነትና እኔ ደረቱን እየተፈራረቅን ስንጫን ዋልን ማለት ይቻላል። አልተመለሰም። ካርዷ ከነላስቲኳ ዳር ላይ የተወው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ፍኖተ ሰላም ላይ ያጣሩት ሰዎች የአስቻለው ካርድ በአገር ውስጥ አይታወቅም፣ ስለዚህ ያለ ብቃት ማረጋገጫ ነው ውኃ የገባ አሉ። ገመዱ ላልቶ ነበር ብዬ ተናገርሁ። "ገመድ ያዡ እኮ ሲኦሲ አለው፤ ብቃቱ የተረጋገጠ ነው" አሉኝ። ቡሬ ለቅሶው ላይ ደግሞ የደብተራው ነገር ተነሣ፤ እሳት በውኃ ጠፋ፣ ኮከቡ ነው፣ ምን ይደረግ ይባላል። ወረቀቱ በሟቹ ላይ ፈረደ፤ ኮከቡ በማን ላይ እንደፈረደ ግን የገባኝ ከእናቱ ጋር ስቀመጥ ነው። እትየ ጥሩሰው ይባላሉ፣ ሌላ ልጅ የላቸውም።

"ታደገ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ኮከቡ የሚቆጠር ከእኔ ስም ጋር ነው አሉ። እውነት ነው?"

"ይላሉ እትየ።"

"እንግዲያ ሌላ ስም ቢኖረኝ ልጄ አይሞትም ነበራ። በስሜ ገደልሁት።"

ባሻ ከጎናችን ተቀምጦ ነበር፣ ምርኩዙን እንደያዘ። ቀና ብሎ አየኝ። የእናቱን ስም ለምን እንደደበቀ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም እዚያው፣ ሰው እየሰማ፣ "እትየ፣ ስምዎ አልገደለውም። አውጡኝ ብሎ ገመድ ሲስብ ገመዱ ላልቶ ነው" አልኋቸው። በሐዘን ቤት እንዲህ አይባልም ብለው ብዙዎች ተቀየሙኝ። ይቀየሙ።

ወሬው መምሬ ዘለቀ ዘንድ ደረሰ። በበቅሎ ቡሬ ድረስ መጡብኝ።

"ሰው የገደለ መስቀል አደረግህብኝ አሉ" አሉኝ።

"አባቴ፣ መስቀሉ አልገደለም። እጅ ነው የለቀቀ።"

"ልባርካችሁ እኮ ነው የመጣሁ።"

"አውቃለሁ። ባርኮት ነው እርስዎ ያመጡልን። ግን ገመድ የያዘ ሰው ሲያዩ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነበረብዎ።"

"ሰላም ሳይል የሚያልፍ ቄስ የት አገር አየህ?" አሉና ሳይባርኩኝ በቅሏቸው ላይ ወጡ።

ጌትነት ሥራውን ጥሎ ደጋ ዳሞት ወላጆቹ ዘንድ ገብቶ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቼ ሄድሁ። ግንዱ አሁንም እዚያው ድልድይ ሥር ነው፤ ክረምት ሳይገባ መውጣት አለበት። ጌትነትን ማሳ ላይ አገኘሁት። ከስቷል። ተሳሳምን፣ ድንበሩ ላይ ተቀመጥን።

"ደብተራው ዘንድ ሄጄ ነበር" አለኝ። "ቀኑ ደርሶ ነው፣ ከኮከቡ የሚያመልጥ የለም አለኝ። ጋሽ ታደገ፣ እርስዎ ለምን እንዲህ ብለው አይተዉትም? ሁሉም እንዲሁ ብሎ ተቀብሎታል።"

"እናቱስ?"

"እናቱ ምን?"

በስሜ ገደልሁት ማለታቸውን ነገርሁት። አልሰማም ነበር። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

"ኮከብ ገመድ አይይዝም፣ ጌትነት" አልሁት። "አንተ ነህ የያዝኸው፣ አንተ ነህ የለቀቅኸው። በክፋት አይደለም። ካህን አክብረህ ነው፤ እዚህ አገር የተወለደ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግኸው። ቢሆንም ይኼን ለእኒያ ሴትዮ ራስህ ትነግራቸዋለህ። ከዚያ ገመዴን ትይዝልኛለህ።"

"የማንን ገመድ?"

"የእኔን። ግንዱን ላወጣ ልገባ ነው።"

"ሌላ ሰው ይፈልጉ። ኧረ በወላዲቱ።"

"ሌላው ሰው ገመድ መልቀቅ ምን እንደሆነ አያውቅም" አልሁት። "አንተ ታውቃለህ።"

እትየ ጥሩሰው ዘንድ አብረን ሄድን። ጌትነት ከደጃፉ ተንበርክኮ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ሰማይ ላይ የወረወረው አንድም ቃል አልነበረም። ሲጨርስ እትየ ግራ እጁን ያዙና መዳፉን ገልብጠው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይህ ነው?" አሉት።

"ይህ ነው እናቴ።"

አለቀሱ፣ እሱም አለቀሰ። ለቅሶው ለሁላችንም ከመጀመሪያው የሻለ ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል ከማናቸውም አልወጣም። ስንወጣ ግን እትየ ጥሩሰው በሩን ይዘው "በል እንግዲህ፣ ይኼን ሰውዬ እንዳትለቅብኝ" አሉት።

መሥሪያ ቤቱ አልወደደውም። የእኔን ወረቀት የሚያውቅ የለም፣ የጌትነት ስም ከአደጋ ጋር ተነሥቷል፣ ማረጋገጫ ያለው ድርጅት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቅ አሉ። ክረምቱ ይጠብቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እያጉረመረሙ ፈቀዱ። ሾፌሩ ለስብሰባ እንደማይጠራ ካልተነገረኝ ግን አልገባም አልሁ። ደብተራው ደግሞ ሑትና ጀዲ በዚያ ወር አይጣጣሙም ብሎ ልኮብኝ ነበር። ለላከው ሰው፣ ደብተራውን ገመድ መያዝ ያውቅ እንደሆነ ጠይቅልኝ አልሁት።

ውኃው ያ ራሱ ውኃ ነበር። ጌትነትን አበላሁት፣ ቋጠሮውን ዐይኑን ጨፍኖ በጣቱ እንዲመረምር አደረግሁ፤ ባሻ እንደሚያደርገን። ገባሁ። ታች ስደርስ ግንዱን በእጄ ጀርባ አገኘሁት። አስቻለው የተጣበቀበት ቦታ ላይ ስሠራ ፍርሃት አልነበረብኝም ብል ውሸት ይሆናል። ፈራሁ። አንዴ ሳብሁ፣ አንዴ ተሳበልኝ። ሽቦውን በግንዱ ላይ ጠምጥሜ እስክጨርስ ድረስ ገመዱ ወገቤ ላይ አልከበደኝም፣ አልላላምም። ሦስቴ ሳብሁ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ መውጣት ጀምሬ ነበር።

ብቅ ስል ከጌትነት ኋላ መምሬ ዘለቀን አየኋቸው። ሾፌሩ የሆነውን በኋላ ነገረኝ። ቄሱ ከላይ ሲመጡ ሊቀበላቸው ሮጦ ነበር። እሳቸው ግን በእጃቸው ዝም በል ብለውት፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወረዱ። መስቀሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ እኔ እስክወጣ ድረስ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ቆሙ። ጌትነት መምጣታቸውን አላወቀም።

ጌትነት ከወገቤ ላይ ገመዱን ፈታ። ከዚያ በኋላ ነው ዞር ያለ። መምሬ ዘለቀ ነጠላውን ገለጡና መስቀሉን አወጡ። "አሁን ይቻላል?" አሉ። የጠየቁት እኔን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ገመዴን የያዘው ጌትነት ነው። ባሻ የእናቱን ስም ለማንም ሳይነግር አረፈ። ስለ ሥራ ዘመኔ የምለው ይኸው ነው፤ ኃላፊው "በልምድ ብቻ" ያለው።

ባለፈው ጥር መምሬ ዘለቀ ደብር ለንግሥ ሄጄ ነበር። ከደብሩ በታች ባለው መንደር ሰዎች ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። አንዱ ታች ገብቷል፣ አንድ ጎልማሳ ከላይ ገመዱን ይዞ ወደ ጉድጓዱ አፍ አጎንብሷል። ከፊቴ ሁለት ባልቴቶች ይሄዱ ነበር፤ በዚያ አገር ባልቴት ሳትጠይቅህ አታልፍህም። ጎልማሳውን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ፣ ፈንጠር ብለው ዞሩና ዝም ብለው አለፉ። ማን እንዳስተማራቸው አውቃለሁ፤ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ደጋግመው ይነግሯቸዋል።

እኔም እዚያ ደረስሁ። ጎልማሳው ቀና ብሎ አላየኝም። ባርኔጣዬን አወለቅሁና ሰላም ሳልለው አለፍሁ።